ጥያቄ ሰባት

ሰው «ሥራሽ ምንድን ነው?» ሲለኝ «ለትልልቅ ሰዎች ትምህርት አዘጋጃለሁ» እላለሁ። አስተማሪ ነሽ? አይደለሁም። ጸሐፊ ነሽ? እሱንም አይደለሁም። ሠራተኛ በስልኩ ወይም በመሥሪያ ቤቱ ኮምፒውተር ከፍቶ፣ ቪዲዮ አይቶ፣ ጥያቄ መልሶ፣ በመጨረሻ ሰርተፊኬት የሚያወጣበትን የኦንላይን ኮርስ የምቆርጥና የምሰፋ ሴት ነኝ። ለአሳንሰር ጠጋኞች ሠርቻለሁ፣ ለጥበቃዎች ሠርቻለሁ፣ አንድ ጊዜማ ለመቃብር ቦታ ሠራተኞች ሁሉ ሠርቻለሁ። አስራ አራት ዓመት! ዓይኔ ደክሟል፣ ወገቤ ደክሟል፣ «ቀጣይ» የሚለውን ቁልፍ ሳይ ያቅለሸልሸኛል።

የሙያችን ሕግ አጭር ናት። ትልቅ ሰው ባዶ ደብተር ሆኖ አይመጣም፤ የሚያውቀውን ይዞ ነው የሚመጣው። ስለዚህ አንዲት መስመር ከመጻፍሽ በፊት ሥራውን የሚሠራውን ሰው ሄደሽ ጠይቂ፤ ሲሠራ ቁጭ ብለሽ እዪ። ይህችን ሕግ ለአዲስ ተቀጣሪዎች የማስተምረው እኔ ነኝ፤ በትልልቅ ፊደል ጽፌ ግድግዳ ላይ እያበራሁ። የጣስኳትም እኔው ነኝ።

አለቃችንን ከኋላው «ቶሎ ቶሎ» ነው የምንለው፤ ከአፉ ሌላ ቃል አይወጣማ። አንድ ጠዋት መጥቶ የጠረጴዛዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠና የሆስፒታል ሥራ እንደተገኘ ነገረኝ። በአንድ አስተዳደር ሥር ያሉ አራት ሆስፒታሎች፣ የቀዶ ሕክምና ዕቃ እያጠቡ በእንፋሎት የሚቀቅሉ ሠራተኞቻቸውን ሁሉ፣ አርባ ሰው፣ በኮርስ ሊፈትኑ ፈልገዋል። ያለፈ ይቀጥላል፤ የወደቀ ከክፍሉ ይወጣል።

«ስንት ቀን አለኝ?»

«ዘጠኝ። ቶሎ ቶሎ በያት።»

«ሥራውን ሄጄ ማየት አለብኝ።»

«ምን ያስኬድሻል? የመቀቀያ ማሽኑን መመሪያ ልከውልሻል። መቶ ሃያ ገጽ ነው፤ ምን ጎደለሽ?»

ከዚያ አንድ ወረቀት አስፈረመኝ። ከተፈታኞቹ መካከል ዘመድ ያለው አዘጋጅ ስለ ኮርሱ ከዘመዱ ጋር አንዲት ቃል እንዳይነጋገር የሚል ነው። እኔ ደግሞ ዘመድ አለኝ። ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ከአራቱ ሆስፒታሎች በአንዱ ምድር ቤት ውስጥ ሃያ ስድስት ዓመት መቀስና መቆንጠጫ ስትቀቅል ኖራለች። እናታችን ስትሞት እኔ አስራ አምስት ዓመቴ ነበር፤ እትዬ ምድር ቤት የገባችው በዚያው ዓመት ነው። እኔ የተማርኩት በእሷ ላብ ነው። አሁንም የምንኖረው አንድ ቤት ነው። አርባ አንድ ዓመት ሆኖኝ፣ ፀጉሬ ሸብቶ፣ ዛሬም «ሚጣዬ» ትለኛለች።

እንግዲህ ይታያችሁ፤ ሥራውን ከማንም በላይ የምታውቀው ሴት ከመኝታ ቤቴ ግድግዳ ማዶ ታንኮራፋለች፤ እኔ ወረቀት ፈርሜያለሁ ብዬ መቶ ሃያ ገጽ መመሪያ አገላብጣለሁ። በእጅ የያዙት ወርቅ እንደ መዳብ ይቆጠራል የሚሉት ለኔ ቢጤዋ ነው።

ዘጠኙ ቀን አለቀ። አስር አጫጭር ትምህርቶች፣ ሃያ ጥያቄዎች። ቶሎ ቶሎ ደግሞ «አንዱን ጥያቄ የግድ አድርጊው፤ ቀልድ እንዳይመስላቸው» አለኝ። የግድ ጥያቄ ማለት እሱን የሳተ ሰው የቀረውን ሁሉ ቢመልስም የሚወድቅበት ነው። ሦስት ሙከራ ይፈቀዳል፤ ከዚያ ይዘጋል። እኔ የግድ ያደረግኩት ሰባተኛውን ነው። «ማሽኑ ጨርሶ ሲጮህ መጀመሪያ ምን ይደረጋል?» ይላል። ሀ፦ በሩን ከፍቶ በጨርቅ የተጠቀለሉትን የዕቃ ጥቅሎች ወዲያው ማውጣትና ጠረጴዛ ላይ መደርደር። ለ፦ በሩን ገርበብ አድርጎ ጥቅሎቹ እዚያው እንዳሉ እስኪቀዘቅዙ መጠበቅ። ሐ እና መ ለማሟያ የገቡ ናቸው፤ ማንም አይመርጣቸውም። መመሪያው ሀ ይላል። እኔም ሀ አልኩ።

እትዬ የመጀመሪያውን ሙከራ የወደቀች ዕለት ምንም አልተናገረች። ከሥራ ገብታ እግሯን ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ ነክራ ተቀመጠች። ሁለተኛውን የወደቀች ዕለት ግን፣ ረቡዕ ማታ ነው፣ ቦርሳዋን እንኳን ከትከሻዋ ሳታወርድ ወንበር ላይ ዘፍ አለች።

«ሚጣዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ?»

«ስለ ኮርሱ ከሆነ እንዳትጠይቂኝ። ፈርሜያለሁ።»

«እሺ፣ አልጠይቅሽም፤ ልንገርሽ። ሃያውን መለስኩ። አስራ ዘጠኙን ልክ ነሽ አለኝ። በአንዷ ጣለኝ። ሁለት ጊዜ! መልሱ ሀ ነው ይለኛል።»

«ከነገረሽ ታዲያ ለምን ሀን አልነካሽም?» አልኳት፤ አምልጦኝ ነው።

«ሀ ልክ አይደለማ።»

እዚህ ላይ «ለምን?» ማለት ነበረብኝ። አስራ አራት ዓመት እንጀራ የበላሁበት ሙያ ከዚህች ቃል ሌላ ምንም የለውም። ግን ደክሞኝ ነበር። ሦስት ኮርስ ባንድ ላይ ተቆልሎብኛል፤ ዓርብ አስራ አንድ ሰዓት ላይ የአላፊዎቹ ዝርዝር ይዘጋል፤ እትዬ የቀራት አንድ ሙከራ ነው፤ ለጡረታዋ ደግሞ አራት ዓመት ይቀራታል። ፈራሁላት። እኔ ስፈራ እቆጣለሁ፤ የቆየ አመሌ ነው።

«እትዬ በሞቴ! ይሄ እኮ ፈተና ነው። ሀ በይ ካለሽ ሀ በዪው፣ ሰርተፊኬትሽን ያዢ፣ ከዚያ ምድር ቤትሽ ገብተሽ እንደ ልማድሽ ሥሪ። ማን ያይሻል? አንዲት ፊደል ብትነኪ ምን ትሆኛለሽ?»

«የማልሠራውን እሠራለሁ ልበል?»

«በያ!»

«ይሄ እጅ ዋሽቶ አያውቅም፣ ሚጣዬ።»

«እንግዲያው እሱኑ እጅሽን ይዘሽ ኮሪደር ጥረጊበት!»

አፌን በቆረጠው። እትዬ ተነስታ ቦርሳዋን በሩ ኋላ ሰቀለችና «አንቺ ካልሽ እሺ» አለች። «አንቺ ተምረሻል። ከኔ ትሻያለሽ።» አሽሙር አልነበረም፤ ከልቧ ነው ያለችው። አሽሙር ቢሆን ይሻለኝ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ሀን ነካች፤ አለፈች። ሰርተፊኬቷን አሳትማ ይዛ መጣችና ጠረጴዛው ላይ በግንባሩ ደፍታ አስቀመጠችው። «ይኸው፣ አለፍኩልሽ» አለችኝ። አልዋሽም፣ ደስ አለኝ። የዚያን ቀን እፎይ ብዬ ነው የተኛሁት።

ዓርብ ጠዋት ቶሎ ቶሎ ውጤቱን ይዞ መጣ። «ሃያ ዘጠኝ አልፏል፤ አስራ አንድ ወድቋል። የወደቁት ትልልቆቹ ናቸው፤ ኮምፒውተር ይፈራሉ። እንደዚያ ብለሽ ሪፖርቱን ጻፊና ቶሎ ላኪው።» የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ አሉ! እኔም ልጽፈው ነበር፤ ምን እንደምጽፍም በልቤ አዘጋጅቼ ጨርሻለሁ። ብቻ እንደ ልማዴ አንድ ጊዜ መልሶቹን ዘርግቼ አየኋቸው።

አስራ አንዱም ከአስራ አምስት ዓመት በላይ የሠሩ ናቸው። አስራ አንዱም የወደቁት በጥያቄ ሰባት ነው። አስራ አንዱም የነኩት ለን ነው። ኮምፒውተሩ «መልሱ ሀ ነበር» ብሎ ከነገራቸው በኋላ ተመልሰው፣ አንዳንዶቹ ለሦስተኛ ጊዜ፣ ያችኑ ለን ነክተዋል። የፈራ ሰው እዚህም እዚያም ነው የሚነካካው። በአራት የተለያዩ ሆስፒታሎች ያሉ፣ የማይተዋወቁ አስራ አንድ ሰዎች አንዲት ፊደል ላይ ተሰብስበው አይፈሩም። ሪፖርቱን ትቼ ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

በሃያ ስድስት ዓመት ውስጥ የእትዬን መሥሪያ ቤት አይቼው አላውቅም ነበር። ሆስፒታሉን አውቀዋለሁ፤ በሩ ድረስ ምሳ ዕቃ አድርሼላታለሁ። ወደ ምድር ቤቱ የሚወርደውን ደረጃ ግን ወርጄው አላውቅም። አስራ ዘጠኝ እርከን ነው። ታች ሲደርሱ ሙቀቱ ፊት ላይ ይለጠፋል። ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ ቧንቧዎቹ ያላባቸው፤ አንድ ግድግዳ ሙሉ የብረት መደርደሪያ፤ ዳር ላይ ባለ ክብ በር ትልቁ ማሽን፣ ቀለሙ ተላልጦ፣ የበሩ እጀታ በጨርቅ ተጠምጥሞ። እትዬ የላስቲክ ሽርጧን አድርጋ ባልዲ ላይ ተደፍታ መቀስ ትፈትጋለች። ስታየኝ ደነገጠች።

«ምነው? ሰው ሞተ?»

«አልሞተም። እትዬ፣ ሀ ለምንድን ነው ልክ ያልሆነው?»

«የፈረምሽው ወረቀትስ?»

«ወረቀቱን ተዪው።»

«ረቡዕ ብትጠይቂኝ ጥሩ ነበር» አለች። ቁጣ የለባትም፤ የደከመው ሰው አነጋገር ነው። እጇን አደራረቀችና ወደ ማሽኑ ወሰደችኝ። ማሽኑ ሲጮህ ጠበቅን። ሲጮህ በሩን ከፈተች፤ በወፍራም ጓንት አንድ ጥቅል አወጣችና የብረቱ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችው። የቀሩትን እዚያው ትታ በሩን ገርበብ አደረገችው። «ቁጭ በዪ» አለችኝ። ቁጭ አልን። ትንሽ ቆይታ ጥቅሉን አነሳችና ገለበጠችልኝ። ጠረጴዛው ላይ ውኃ አቁሯል፤ የጥቅሉ ጨርቅ ከሥሩ ርሷል።

«ትኩስ ነገር ቀዝቃዛ ብረት ላይ ስታስቀምጪው ያልበዋል። ጨርቁ ከራሰ ቆሻሻው በእርጥቡ በኩል ሰተት ብሎ ይገባል። ይሄ ጥቅል ከአሁን በኋላ አልተቀቀለም ማለት ነው። ልክ ከመንገድ እንዳነሳሽው ቁጠሪው።»

«መመሪያው ግን ወዲያው አውጡ ይላል።»

«ያ የአዲሱ ማሽን ነው። አዲሱ ራሱ ያደርቃል አሉ። ይመጣል ሲሉን ሁለት ዓመት ሆነው፤ እስካሁን አልመጣም።» እርጥቡን ጥቅል ወደ ጎን ወረወረችው፤ ከጎን ሌሎች ስድስት ተከምረው ነበር። «ኮርሱን ያለፉት ወጣት ልጆች ከሰኞ ጀምሮ ወዲያው ነው የሚያወጡት። ተዉ ስላቸው ኮርሱ ነው ያስተማረን ይሉኛል። ከኋላ ከኋላቸው እየሄድኩ እርጥቡን እየለቀምኩ መልሼ እቀቅላለሁ። ሌሎቹ ሆስፒታሎች ጋ ማን እንደሚለቅም እንጃ።»

ገና ያልተገዛ ማሽን ትምህርት ሰጥቼ የሚያውቁትን ሰዎች ጣልኩ፤ የማያውቁትን አሳለፍኩ። እትዬ አራት ቀን ሙሉ የኔን ስህተት ስትለቅም ሰንብታ ማታ ማታ እቤት መጥታ እግሯን ውኃ ውስጥ ትነክራለች። እኔ ደግሞ ከጎኗ ተቀምጬ ስለ ወገቤ አማርራለሁ። አፈርኩ። እንደዚያን ዕለት አፍሬ አላውቅም።

ቢሮ ስመለስ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። ቶሎ ቶሎን ቁጭ አድርጌ ነገርኩት። ፊቱ አመድ መሰለ፤ ግን አይካድም፣ «አርሚው» አለ። ሲስተሙ ላይ የጥያቄ ሰባትን መልስ ከሀ ወደ ለ ቀየርኩ። «ሁሉንም መልሰህ አርም» የሚል ቁልፍ አለ፤ ከመጫንሽ በፊት ምን እንደሚለወጥ ያሳያል፤ የሚቆጥረው ደግሞ የእያንዳንዱን ሰው የመጨረሻ ሙከራ ነው። አየሁት። አስራ አንዱ ያልፋሉ። ሀን የነኩት ወጣቶች ይወድቃሉ፤ እነሱ ግን ገና ሁለት ሁለት ሙከራ አላቸው፤ ተምረው ይመለሳሉ። ሦስቱንም ሙከራ ጨርሳ የምትወድቅ አንዲት ሴት ብቻ አለች።

ሁለት ጊዜ ልክ መልሳ የወደቀች፣ አንድ ጊዜ እኔን ሰምታ ያለፈች።

ስልክ ደወልኩላት። ሁሉን ነገርኳት። ከኋላዋ የማሽኑ ጩኸት ይሰማል።

«አስራ አንዱ ያልፋሉ?»

«ያልፋሉ።»

«ልጆቹስ ጥቅሉን መተው ይማራሉ?»

«ይማራሉ። ግን እትዬ፣ አንቺ...»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ተጫኚው። ነገ ያ ዕቃ የሰው ሆድ ውስጥ ነው የሚገባው።»

ተጫንኩት።

ሰኞ ጠዋት ሁለታችንንም የአራቱ ሆስፒታሎች ዋና ነርስ አስጠራችን። ደረጃውን ስንወጣ ሳሰላስለው ያደርኩትን ለእትዬ ሹክ አልኳት። «ማውሱ አዳልጦኝ ነው በዪ። ለን ልነካ ስል ሀ ሆነብኝ በዪ። ሌላ ምንም አትጨምሪ፣ በእናታችን አጥንት!» ጉልበቷን ያማታል፤ የደረጃውን ድጋፍ ይዛ ቀስ እያለች ትወጣለች።

ዋና ነርሷ ክፉ ሴት አልነበረችም። ይሄን ልመስክርላት። ወረቀቶቹን ዘርግታ መነጽሯን አድርጋ «እናቴ» አለቻት እትዬን፣ «ሁለት ጊዜ ልክ መልሰዋል። ጥፋቱ የኮርሱ ነው። ሦስተኛው በስህተት የተነካ ከሆነ አሁኑኑ አዲስ ሙከራ እከፍትልዎታለሁ፤ ከሰዓት ወደ ሥራዎ ይመለሳሉ። በስህተት ነው አይደል?»

በሩ ወለል ብሎ ተከፈተ ማለት ይሄ ነው። አዎ የምትል አንዲት ቃል ብቻ! ከጠረጴዛው ሥር እግሯን በእግሬ ነካሁ።

«አይደለም» አለች እትዬ። «አውቄ ነው የነካሁት። እህቴ ንኪ አለችኝ፤ ነካሁ።»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ዋና ነርሷ መነጽሯን አወለቀች፤ እኔን አየች፤ የፈረምኩትን ወረቀት ከክምሩ ውስጥ ፈልጋ አወጣች። ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ከአዘጋጅ መልስ የተቀበለ ተፈታኝ ስድስት ወር ከክፍሉ ይወጣል። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም» አለች። እውነቷን ነው፤ እንዲያ የሚለውን መስመር የኮርሱ ደንብ ላይ የጻፍኩት እኔ ነኝ። እትዬ «ይገባኛል» ብላ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች።

ኮሪደሩ ላይ ያዝኳት። «ለምን? ለምን እንደዚያ አልሽ? ልታሳልፍሽ እኮ ነበር!» እያልኩ አለቀስኩ። የሚያልፈው ሰው ሁሉ ያየናል።

«አንድ ጊዜ ሰማሁሽ፣ ሚጣዬ» አለችኝ፣ እንባዬን በመዳፏ እየጠረገች። «አንዱ ይበቃኛል።»

አሁን እትዬ አራተኛ ፎቅ አንሶላ ታጥፋለች። እኔን አላባረሩኝም፤ ይሄ ነው የሚያንገበግበኝ። ቶሎ ቶሎ ከፍ ዝቅ አድርጎ ተናገረኝና ኮርሱን እንደ አዲስ እንድሠራ ሦስት ሳምንት ሰጠኝ። ሦስት ሳምንት! ያኔ ዘጠኝ ቀን አልነበር የሰጠኝ? የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች፤ የኔን ግን የለቀመችው እሷ ናት።

ትናንት ማታ ራት ከበላን በኋላ ደብተር ይዤ ፊቷ ተቀመጥኩ። እስክሪብቶዬን አዘጋጀሁ። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ማድረግ የነበረብኝን ላደርግ ነው፤ ትንሽ ኩራት ቢጤም ተሰምቶኝ ነበር።

«እትዬ» አልኳት፣ «ዕቃው ከቀዶ ሕክምና ክፍል ሲመጣልሽ መጀመሪያ ምን ታደርጊያለሽ? ሁሉንም ከስሩ ንገሪኝ።»

ከቀሚሷ ላይ የተጣበቀ የአንሶላ ክር እየለቀመች ነበር። ቀና ብላ አላየችኝም።

«እኔ አሁን አንሶላ አጣፊ ነኝ፣ ሚጣዬ» አለች። «ሄደሽ የሚሠሩትን ጠይቂ።»